ከአረጋውያን እጅ የምንቀበለው

በእኛ ባህል የአረጋዊ ክብር ከሚገለጽባቸው መንገዶች አንዱ ከእጃቸው መቀበል ነው። እናት ዘንቢል አንጠልጥላ ከገበያ ስትመለስ ልጅ ሮጦ ይቀበላታል፤ አባት ወንበር ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ «እርስዎ ይተዉት» ይባላሉ፤ አያት ወደ ረከቦቱ ጠጋ ሲሉ «ዛሬስ ልጆቹ ያፍሉ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ» የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ይሰማል። እኔም በዚሁ ልማድ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከፍቅር የመነጨ መሆኑንም አልጠራጠርም። ሆኖም ስለ እርጅናና ስለ አንጎል ጤና የተጻፉ ጥናቶችን እየተከታተልሁ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ ከአረጋውያን እጅ የምንቀበለው ሸክሙን ብቻ ነው ወይስ ከሸክሙ ጋር አእምሯቸው የሚሠራበትን ነገርም ጭምር?

አንዲት አክስቴ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ልጆቻቸው ወደሚኖሩበት ወደ ሜሪላንድ ሄዱ። አዲስ አበባ ሳሉ ቀናቸው ሙሉ ነበር። ማለዳ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ከጎረቤት ጋር ቡና ይጠጣሉ፤ የሴቶች እድራቸው ሰብሳቢ ስለነበሩ ማን መዋጮውን እንደከፈለ፣ ማን ደግሞ ችግር ስለገጠመው ጥቂት ሊታገሡት እንደሚገባ መዝገብ ሳይገልጡ ያውቁ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ወስፌያቸውን፣ ስንደዶና አክርማቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ይቀመጡና የመሶቡን ሐረግ ቀለም በቀለም እየቆጠሩ ይሰፋሉ። ሜሪላንድ ሲደርሱ ልጆቻቸው እጅግ ተንከባከቧቸው። የሚሞቅ ክፍል፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብ፣ ቀኑን ሙሉ የአማርኛ ዝግጅት የሚያሳይ ቴሌቪዥን ተዘጋጀላቸው፤ ልጆቹ ማልደው ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግን እሳቸው እስከ ማታ ብቻቸውን ይውላሉ። ውሎ አድሮ በስልክ ሳነጋግራቸው ዕለቱ ምን እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቁኝ ጀመር። መንስኤውን አውቃለሁ ብዬ አይደለም ይህን የማነሣው፤ ከአገር መነቀል፣ ዕድሜና ሕመም ተደራርበው ያመጡትን አንድ በአንድ ለይቶ መናገር አይቻልም። ስለ ጉዳዩ በቁም ነገር ማንበብ የጀመርሁት ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚህ ርእስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ የተካሄደው ነው። የነርቭ ሐኪሙ ጆ ቨርጊስና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት በ2003 ነበር፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆነና ጥናቱ ሲጀመር ዲሜንሺያ፣ ማለትም የማስታወስና የማሰብ ችሎታን እያዳከመ የዕለት ኑሮን የሚያውክ ሕመም፣ ያልነበረባቸው 469 ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ምን እንደሚያደርጉና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያደርጉት ተጠየቁ፤ ከዚያም ለ5 ዓመት ያህል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከዚያ እጅግ ለሚበልጥ ጊዜ፣ ክትትል ተደረገላቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ 124ቱ ዲሜንሺያ ያዛቸው። የሚያነቡ፣ እንደ ዳማና ቼዝ ያሉ ጨዋታዎችን ወይም ካርታ የሚጫወቱ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚመቱና የሚጨፍሩ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። አእምሮን በሚያሠሩ ተግባራት ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት አንድ ሦስተኛ ሰዎች፣ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት አንድ ሦስተኛ ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ63 በመቶ ያነሰ ነበር።

ከዚህ ጥናት ውስጥ ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ ለእኔ ግን ከቁጥሮቹ ሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ አንድ ዝርዝር አለ። አጥኚዎቹ ጥያቄያቸውን ያዘጋጁት በሁለት ክፍል ነው፦ በአንድ በኩል አእምሮን የሚያሠሩ፣ በሌላ በኩል አካልን የሚያሠሩ ተግባራት። የቤት ሥራ፣ ልጅ መጠበቅ፣ ደረጃ መውጣትና በእግር መሄድ የተመዘገቡት ከአካላዊዎቹ ጋር ሲሆን፣ ከእነዚያ መካከል ከዲሜንሺያ መቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ጭፈራ ብቻ ነበር። ስለዚህ መጥረጊያውን ወይም ዘንቢሉን ከአረጋዊት እናት እጅ መቀበል በራሱ ብዙ የሚያስጨንቅ ላይሆን ይችላል። የሚያስጨንቀው ከዘንቢሉ ጋር አብሮ የሚሄደው ነው፤ ምን እንደሚገዛ ማሰቡ፣ ያለፈውን ሳምንት ዋጋ ማስታወሱ፣ ከነጋዴው ጋር መከራከሩ፣ መንገድ ላይ ከተገናኙት ሰው ጋር ስለ ቤተሰቡ አንድ በአንድ መጠያየቁ። ይህን ሁሉ ማንም ሰው «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ አይመዘግበውም፤ የአንጎል ሥራ ግን ይዟል።

የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ እንዴት አንጎልን ሊጠብቅ ይችላል ለሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶች ከሚሰጧቸው መልሶች ዋነኛው የተጠባባቂ አቅም ሐሳብ ነው። በ1988 ሮበርት ካትዝማንና ባልደረቦቻቸው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ይኖሩ የነበሩ 137 ሰዎችን አንጎል ከሞታቸው በኋላ መርምረው ያገኙት ነገር ለዚህ ሐሳብ መነሻ ሆኗል። ከሟቾቹ መካከል 10ሩ አንጎላቸው ውስጥ የዲሜንሺያ ዋነኛ መንስኤ የሆነው የአልዛይመር በሽታ ምልክት በግልጽ ቢታይም፣ በሕይወት ሳሉ ግን አእምሯቸው ንቁ ከነበሩት መካከል ነበሩ። አንጎላቸው ሲመዘን ከሌሎቹ የከበደ ሆኖ ተገኘ፤ ትላልቅ የነርቭ ሕዋሶቻቸውም በቁጥር ይበልጡ ነበር። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያኮቭ ስተርን ሐሳቡን አስፋፍተው፣ ትምህርት፣ ውስብስብ ሥራና የነቃ የትርፍ ጊዜ ሕይወት አንጎል አንዱ መንገድ ሲዘጋበት በሌላው እንዲሄድ ያስችሉታል የሚለውን ማብራሪያ ሰጡ። ጎተራው ሞልቶ ክረምት የገባ ገበሬ ዝናቡ ቢረዝምበት ከጎረቤቱ ዘግይቶ እንደሚቸገር ሁሉ፣ ብዙ ያከማቸ አንጎልም ጉዳቱ እኩል ቢደርስበት እንኳ ምልክቱን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው።

ጎተራው ግን ማለቁ አይቀርም፤ ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። እዚያው ብሮንክስ በተሰበሰበው መረጃ ላይ በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት፣ በመጨረሻ ዲሜንሺያ የያዛቸውን 101 ሰዎች ብቻ ለይቶ ተመለከተ። ጥናቱ ሲጀመር በሳምንት ውስጥ የተመዘገበ እያንዳንዱ ተጨማሪ አእምሮን የሚያሠራ ተግባር ቀን፣ የማስታወስ ችሎታቸው በፍጥነት ማሽቆልቆል የሚጀምርበትን ጊዜ በ0.18 ዓመት፣ ማለትም በሁለት ወር ገደማ አዘግይቶላቸዋል። ማሽቆልቆሉ ከጀመረ በኋላ ግን ይበልጥ ንቁ የነበሩት ሰዎች የወረዱት በፈጠነ ሁኔታ ነበር፤ ምክንያቱም ምልክቱ በታየ ጊዜ በሽታው ውስጥ ውስጡን ብዙ ርቆ ሄዷል። ቤተሰቦች «ትናንት ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ ሰው በአንድ ዓመት እንዲህ ሆኑ» ብለው ሲደነግጡ የምንሰማው ከዚህ ጋር የሚስማማ ይመስለኛል። ሁለት ወር ለሚባለው ትንሽ ቁጥር ግን ንቀት የለኝም። በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን የሚደረግ ነገር ሲደማመር አንድ ዓመት ይሞላል፤ አያት የልጅ ልጃቸውን በስም የሚጠሩበት አንድ ዓመት ትልቅ ነገር ነው።

ነገሩን በጥንቃቄ እንድናገር የሚያስገድደኝ ከባዱ ጥያቄ የምክንያትና የውጤት አቅጣጫ ነው። ዲሜንሺያ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ሐኪም ስሙን ከመጥራቱ ከአሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት በፊት አንጎል ውስጥ ሥራውን ይጀምራል። ታዲያ ዳማ የማይጫወቱ ሰዎች በኋላ ዲሜንሺያ ሲይዛቸው፣ ባለመጫወታቸው ነው የያዛቸው ወይስ በሽታው ውስጥ ለውስጥ ስለጀመራቸው ነው መጫወት ያቆሙት? በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የተካሄደውና ፓኪድ በመባል የሚታወቀው ጥናት 3,675 አረጋውያንን ለ20 ዓመት ተከታትሎ በ2013 ባወጣው ውጤት፣ ካርታ፣ ቼዝና የመሳሰሉትን የሚጫወቱ ሰዎች በዲሜንሺያ የመያዝ ዕድላቸው በ15 በመቶ እንደሚያንስ አገኘ። አጥኚዎቹ ግን በዚህ አላበቁም። ሰዎቹ ጥናቱ ሲጀመር የነበራቸውን የማሰብ ችሎታና የድባቴ ታሪካቸውን ጨምረው ሲያሰሉት ልዩነቱ ከቁም ነገር የማይገባ ሆነ።

ከዚህም ይበልጥ አሳሳቢው የብሪታንያ መንግሥት ሠራተኞችን ለረጅም ዘመን ሲከታተል የኖረው የዋይትሆል ጥናት ነው። በ2020 የወጣው ዘገባ 8,280 ሰዎች በ13 ዓይነት የትርፍ ጊዜ ተግባራት ያላቸውን ተሳትፎ በተለያየ ዕድሜያቸው መዝኖ፣ ለ18 ዓመት ያህል ተከታትሏቸዋል። በአማካይ በ56 ዓመታቸው የነበራቸው ተሳትፎ በኋላ ከመጣው ዲሜንሺያ ጋር ግንኙነት አልታየበትም። በአማካይ በ66 ዓመታቸው የነበራቸው ተሳትፎ ግን ግንኙነት ነበረው፤ በተለይም በሁለቱ ዕድሜዎች መካከል ተሳትፏቸው እየቀነሰ የሄደ ሰዎች ለበሽታው የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። አጥኚዎቹም ከዚህ ተነሥተው፣ የተሳትፎው መቀነስ ቢያንስ በከፊል የበሽታው ቀዳሚ ምልክት ሳይሆን አይቀርም አሉ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ መጫወቱም ማንበቡም ከንቱ ነው» ይላል። እኔ የማየው በሌላ መንገድ ነው። ሁለቱም አቅጣጫዎች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የጀመረው ድካም ሰውን ከሚወደው ነገር ያርቀዋል፣ መራቁም በተራው ድካሙን ያባብሰዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግኝቱ ለቤተሰብ የሚጠቅም ነገር ይዟል። አረጋዊ ሰው ለዓመታት ሲወድደው የኖረውን ነገር ማቆሙ መመርመር ያለበት ጉዳይ ነው። አያቴ በሰፈራቸው ዳማ የሚጫወቱበት ቦታ ነበራቸው፤ በካርቶን ላይ በተሠመረ ሰሌዳ፣ በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ፣ አንዱ ተጫዋች ፊቱን ሌላው ጀርባውን ገልብጦ የሚጫወቱት ነው፤ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ቆሞ የሚያየው ሰው ጩኸት ይበልጣል። አንድ ጊዜ ወደዚያ መሄዳቸውን ተዉ፤ ቤተሰቡም «ዕድሜ ነው፣ ደከማቸው» አለ። ሲጠየቁ ግን የሰጡት መልስ ሌላ ነበር፤ ዓይናቸው ደክሞ የቆርኪውን ፊትና ጀርባ መለየት አስቸግሯቸው፣ ሰው ፊት ላለመሳሳት ሲሉ ነው የቀሩት። የዓይን ሞራቸው በቀዶ ሕክምና ከተነሣላቸው በኋላ ተመልሰው ሄዱ። በሌላ ቤት ያው መቅረት የመስማት ችግር፣ የጉልበት ሕመም፣ ድባቴ ወይም እውነተኛው የዲሜንሺያ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ «ለምን ተዉት?» ብሎ በትህትና መጠየቅና ሐኪም ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል።

የአቅጣጫውን ጥያቄ በተወሰነ ደረጃ የሚፈታው ሰዎችን በዕጣ መድቦ የሚደረግ ሙከራ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በቴክሳስ ዴኒስ ፓርክና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱትና በ2014 የወጣው ሙከራ ከሁሉ ይበልጥ ይመስጠኛል። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆኑ 221 ሰዎች በልዩ ልዩ ቡድን ተከፍለው ለሦስት ወር፣ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል እንዲሳተፉ ተደረገ። አንዳንዶቹ ከዚህ በፊት የማያውቁትን የዲጂታል ፎቶግራፍ ሥራ፣ ወይም ጨርቅ እየቆራረጡ በንድፍ ገጣጥሞ ብርድ ልብስ መስፋትን፣ ወይም ሁለቱንም ተማሩ። ሌሎቹ በተመሳሳይ ሰዓት ተሰብስበው ተጨዋወቱ፣ ምግብ አበሰሉ፣ ጉብኝት ወጡ፤ አዲስ ትምህርት ግን አልነበረም። ሌሎች ደግሞ ቤታቸው ሆነው ሙዚቃ እንደ መስማት ያሉ ቀላል ነገሮችን አደረጉ። በማስታወስ ችሎታቸው ላይ መሻሻል የታየው አስቸጋሪና አዲስ ሙያ በተማሩት ላይ ነው። ተሰብስቦ መጨዋወት ብቻውን ያንን ውጤት አላመጣም።

ስለ መሶብ ስፌት ሳስብ ይህ ሙከራ ይታወሰኛል። መሶብ የሚሰፋ ሰው በእጁ ከያዘው ዙር በፊት የሚመጣውን ዙር በሐሳቡ መሣል አለበት፤ ቀለሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገናኝ ካልቆጠረ ሐረጉ ይዛነፋል፣ ሲዛነፍም ፈትቶ መመለስ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶች ያለው የቅኔ ሥርዓት ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ሲሄድ፣ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም፤ ከሰው ተለይቶ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ የቆጠረውን ያለ ጽሑፍ ይዞ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግሥቱም ሌላ ይቆጥራል። ይህን የማነሣው ቅኔ ከዲሜንሺያ ያድናል ለማለት አይደለም። የማነሣው፣ አእምሮን እስከ እርጅና ድረስ በአዲስ ነገር የማስቸገር ልማድ ከውጭ የምንበደረው አለመሆኑን ስለማምን ነው። ገበጣም እንዲሁ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ሰብስበው እንዳጠኑት በየአካባቢው ሕጉ የተለያየ ሲሆን፣ በአንድ አካባቢ ሕግ የተካኑ አዛውንት በሌላው ሕግ ለመጫወት ሲሞክሩ እንደ ጀማሪ ማሰብ ይጀምራሉ። ቤታችን ያለ ጨዋታ በአዲስ ሕግ ሲሠራ አዲስ ትምህርት ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ዳዊት መድገምና የለመዱትን መጽሐፍ ማንበብ በዚህ ሚዛን ዝቅ ይላል የሚል ሰው ቢኖር ግን አልስማማም። የአረጋዊ ሰው ጸሎት የአንጎል ልምምድ ተብሎ የሚለካ ነገር አይደለም፤ ለቀኑ ቅርጽ ይሰጠዋል፣ ከሰው ጋር ያገናኘዋል፣ ልቡን ያሳርፈዋል። እነዚህም የጤና ጉዳዮች ናቸው።

ስለ አካል እንቅስቃሴ አጭር ነገር ልበል። በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ 120 አረጋውያንን በሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን ለ40 ደቂቃ ፈጠን ብለው እንዲራመዱ፣ የቀሩት ደግሞ ሰውነት የማፍታታት ልምምድ እንዲሠሩ አደረገ። ከዓመት በኋላ የተራመዱት ሰዎች ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ለማስታወስ ዋና የሆነው የአንጎል ክፍል፣ በ2 በመቶ ያህል ሲጨምር የሌሎቹ ቀነሰ። የደም ግፊትን መቆጣጠርም ከማንኛውም የአእምሮ ጨዋታ ያላነሰ ቦታ አለው፤ የደም ሥር ሲጎዳ አንጎልም አብሮ ይጎዳልና። በብሮንክሱ ጥናት ከአካላዊ ተግባራት መካከል ጭፈራ ለብቻው ጎልቶ የወጣበትን ምክንያት በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ እስክስታን ያየ ሰው ግምቱ አይጠፋውም፦ ከበሮውን መስማት፣ ከጓደኛ ትከሻ ጋር መናበብ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሆን ነው። ሠርግ ላይ አረጋውያንን ጥግ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከዚያ አለማስነሣት ለእኔ አክብሮት አይመስለኝም።

ብዙ ልቆይበት የምፈልገው የመስማት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በቤታችን ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው እሱ ነው። በላንሴት የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የዲሜንሺያ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ዲሜንሺያ መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ የመስማት ችግር፣ የማየት ችግርና ከሰው መገለል ይገኛሉ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ የቡና ዙሪያ ተሰብስበው ሊታዩ ይችላሉ። ጆሯቸው የደከመ እናት አቦል ሲቀርብ አብረው ይስቃሉ፣ በምን እንደተሳቀ ግን አልሰሙም፤ ቶና ላይ ዝም ይላሉ፤ በረካው ሳይደርስ ተነሥተው ይሄዳሉ። ቆይቶም መምጣታቸውን ይተዋሉ፤ ሰዉም «ጭምት ሆኑ» ይላል። በ2023 የወጣ አቺቭ የተባለ የአሜሪካ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆኑ 977 ሰዎችን በዕጣ መድቦ፣ ለገሚሱ የመስሚያ መርጃ መሣሪያና የባለሙያ ክትትል ሰጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ በጠቅላላው ተሳታፊዎች ላይ ልዩነት አልታየም፤ አስቀድሞ ለአእምሮ መድከም ይበልጥ ተጋላጭ በነበሩት ላይ ግን መሣሪያው የማሰብ ችሎታቸውን ማሽቆልቆል በ48 በመቶ አዘገየው። ለእናት ወይም ለአባት የሚሆን ስጦታ ለሚያስብ፣ በተለይ በውጭ አገር ላለ ልጅ፣ ከአዲስ ቴሌቪዥን በፊት የጆሮ ምርመራ እንዲያስቀድም እመክራለሁ።

ቴሌቪዥኑን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኬ ባዮባንክ በተባለው ትልቅ የብሪታንያ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2022 የወጣ ጥናት፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ከ145,000 የሚበልጡ ሰዎች ተመልክቶ፣ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየት ከከፍተኛ የዲሜንሺያ ተጋላጭነት ጋር፣ ተቀምጦ ኮምፒውተር መጠቀም ደግሞ ከዝቅተኛ ተጋላጭነት ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። ሁለቱም መቀመጥ ነው፤ አእምሮ ግን በአንዱ ይቀበላል፣ በሌላው ይሠራል። የአቅጣጫው ጥያቄ እዚህም እንዳለ አልክድም። ይሁን እንጂ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሎንደን፣ በቴል አቪቭ ዙሪያ ልጆቻቸውን ተከትለው የሄዱ ወላጆቻችን የሚውሉበትን ክፍል በዓይነ ሕሊናዬ ሳየው፣ ቋንቋው የማይገባ ከተማ፣ ብቻን የማያስወጣ ብርድ፣ ያለ መኪና የማይደረስ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ የሚናገር ስክሪን፣ ስጋቴ ይጨምራል። በየአገሩ ያሉ ማኅበረሰቦቻችን ለልጆች የአማርኛ ትምህርት በየሳምንቱ ያዘጋጃሉ። በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ አረጋውያኑ አስተማሪ ሆነው ቢቀመጡ፣ ተረትና እንቆቅልሽ፣ ስፌትና ገበጣ ቢያስተምሩ፣ መጓጓዣውም ችግር አይሆንም፤ ልጆቹን የሚያመጣው መኪና አያትንም ያመጣል። ማስተማር ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሥራ ነው፤ የሚያውቁትን ከፋፍሎ፣ ቅደም ተከተል ሰጥቶ፣ የማይገባው ልጅ እስኪገባው በሌላ መንገድ መሞከርን ይጠይቃል።

አገር ቤት ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። በዚያ ዕድሜ ገና ጉልበትና ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ሥራቸውን ብቻ ሳይሆን የቀናቸውን ቅርጽ በአንድ ደብዳቤ ያጣሉ። የዋይትሆሉ ጥናት ወሳኝ ሆኖ ያገኘው ዕድሜ በስድሳዎቹ አጋማሽ መሆኑን ሳስብ፣ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ የጡረታ ዓመታት ቤተሰብ ዓይኑን የሚጥልባቸው ሊሆኑ ይገባል እላለሁ።

በመጨረሻ፣ ዲሜንሺያ ቀድሞ ለገባበት ቤት ይህ ሁሉ የረፈደ ወሬ መስሎ እንዳይታይ እፈልጋለሁ። ኤሚ ስፔክተርና ባልደረቦቻቸው በ2003 በእንግሊዝ ባወጡት ሙከራ፣ ዲሜንሺያ ያለባቸው 201 ሰዎች ተሳትፈው፣ ገሚሱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ 14 ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ልጅነት፣ ስለ ድምፅና ስለ ቃላት እየተጨዋወቱ አእምሯቸውን እንዲያሠሩ ተደረገ። የማሰብ ችሎታቸውም ኑሯቸውን የሚመዝኑበት እርካታም ከሌሎቹ የተሻለ ሆነ፤ ዛሬ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ይህን የቡድን ዘዴ ቀላልና መካከለኛ ዲሜንሺያ ላለባቸው እንዲሰጥ ይመክራል። ዘዴው ታንዛኒያ ውስጥ በኪሊማንጃሮ አካባቢ ባለችው የሃይ ወረዳ፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ የገጠር አረጋውያን በሚስማማ መልኩ ተቀይሮ ተሞክሯል፤ በ2017 የወጣው ዘገባም በጥቂት ሰዎች ላይ ቢሆንም መሻሻል ማሳየቱን ገልጿል። ውድ መድኃኒትና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሠለጠነ አወያይ፣ አንድ ክፍል፣ ተሳታፊዎቹ በእጃቸው ይዘው የሚያውቁት ዕቃና በየሳምንቱ የማይቋረጥ ቀጠሮ ነው። በአማርኛ ቢዘጋጅ የመጀመሪያዎቹን ስብሰባዎች ርእስ ከአሁኑ መጥቀስ እችላለሁ፦ የበዓል ዋዜማ ገበያ፣ የልጅነት ሰፈር፣ የእንዝርትና የባዘቶ ሥራ፣ የለቅሶና የሠርግ ግጥም፣ የክረምት እህል። ጤና ጣቢያዎችና የእድር ማኅበራት ተባብረው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው፤ ለአክስቴ ልጆችም ይህንኑ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ፣ እነሱም በአቅራቢያቸው ካለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ጋር መነጋገር ጀምረዋል።